ደንገጎ ዘንቧል?

እናቴ የአየሩን ነገር የምታነበው ከጭነት መኪና ነበር። ከሐረር በኩል የደንገጎን ቁልቁለት ወርዶ ድሬዳዋ የሚገባ ኤንትሬ ሸራው ውሃ አዝሎ፣ ጎማው ጭቃ ተለውሶ ካየች፣ የእኛ ሰማይ የቱንም ያህል ቢጠራ፣ ፀሐዩ የቱንም ያህል ቢከር፣ የሄደችበትን ጉዳይ ትታ ወደ ቤት ትመለሳለች። ሾፌሩን የምታውቀው ከሆነማ እጇን ዘርግታ ታስቆመውና "ደንገጎ ዘንቧል?" ትለዋለች። "ኧረ አቦ፣ ላዩማ ጉድ ነው!" ካላት የዚያ ቀን ሥራ አበቃ። የተሰጣው በርበሬ ይነሳል፤ ደቻቱ ወንዝ አሸዋ ላይ ኳስ የምንራገጠው እኛም በየስማችን እየተጠራን እንለቀማለን። አንዳንዴ ከተማው ላይ አንዲት ጠብታ ሳትወርድ፣ አመሻሹ ላይ ያ ደረቅ አሸዋ ሄዶ በቦታው ቡናማ ውሃ ግንድ እያንከባለለ ሲያልፍ እናይ ነበር።

ድሬዳዋን ለማያውቅ ሰው ይህን ማስረዳት ያስቸግራል። በሌላው አገር ሰው መጀመሪያ በዝናብ ይበሰብሳል፣ ጎርፉ ኋላ ይመጣል። እኛ ዘንድ ዝናቡ የሌላ ሰው ነው፤ የእኛ ጎርፉ ብቻ ነው። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ፣ ከተራሮቹ እግር ሥር ተኝታለች። ከበላይዋ ያለው የሐረርጌ ደጋ ከ2,000 ሜትር በላይ ነው። በመካከል ያለው መሬት እንደ ግድግዳ የቆመ ስለሆነ ላይ የዘነበው የትም ሳያርፍ፣ እምብዛም ሳይሰርግ፣ ቀጥ ብሎ ይወርዳል።

አባቴ የምድር ባቡር ሠራተኛ ነበር፤ ይህን በራሱ መንገድ ይተርከው ነበር። ከጅቡቲ የተነሳው ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. እዚህ የደረሰው ወደ ሐረር ሊወጣ ታስቦ ነው። ዳገቱ አላስወጣ አለ። ሐዲዱ ከሥር ቀረ፣ ጣቢያው ከተማ ወለደ፣ ከተማዋንም መጀመሪያ ላይ አዲስ ሐረር አሏት። "ባቡሩን ያቆመው ዳገት ነው ጎርፉን የሚሰድብን" ይል ነበር አባቴ፣ ቡናውን እየጠጣ። "ያኔ ሐረር ወጥተን ቢሆን ዛሬ ጎርፍ ላኪዎቹ እኛ ነበርን።" እናቴ ይህን ቀልድ አትወደውም ነበር።

ደቻቱን ወንዝ ብለን እንጥራው እንጂ የዓመቱን አብዛኛውን ጊዜ ውሃ የለበትም። የከዚራን ሰፈር ከመጋላ የሚለይ ሰፊ የአሸዋ ጎዳና ነው። በልጅነቴ ልብስ ይሰጣበታል፣ አህያና ግመል ያርፍበታል፣ አሸዋ ይዛቅበታል፣ ጉልት ይዘረጋበታል። ለእኛ ለልጆቹ ደግሞ ከከተማው ሁሉ የተሻለ ሜዳ ነበር። በጋውን ሙሉ ሲያጫውትህ የከረመን ነገር መፍራት አስቸጋሪ ነው፤ እናቴ ግን ትፈራው ነበር። ከእሷ በፊት አያቴ ትፈራው ነበር፤ አያቴ ያየችውን ለእናቴ ነግራታለች። እኔ እንደሚመስለኝ የቤታችን ዝግጅት ሁሉ የሚጀምረው ከዚያ ቃል ነው።

ድሬዳዋ ዝናቧ ሁለት ጊዜ ስለሆነ ዝግጅቱም ሁለት ጊዜ ነው፤ አንዴ ለበልጉ መጋቢት ላይ፣ አንዴ ለክረምቱ ሰኔ መጨረሻ። መጀመሪያ ጆንያ ይወጣል። የዱቄትና የስኳር ባዶ ጆንያ ዓመቱን ሙሉ ተጣጥፎ የሚቀመጠው ለዚህ ነበር። የምንሞላው አሸዋ ከዚያው ከደቻቱ የተዛቀ ነው፤ ወንዙን በገዛ አሸዋው ልናስቆመው። እኛ ልጆቹ ጆንያውን ጢም አድርገን ስንሞላ እናቴ ትቆጣለች። ጢም ያለ ጆንያ አይተኛም፣ በጎንና ጎኑ ውሃ ያሳልፋል። ግማሹን ወይም ትንሽ አለፍ አድርጎ መሙላት፣ አፉን በሲባጎ ማሰር ሳይሆን ማጠፍ፣ የታጠፈውን ከሥር አድርጎ ማስተኛት፣ ከዚያ እንደ ግንበኛ የላይኛውን ከታችኛው መገጣጠሚያ ላይ እየረገጡ መደርደር። ከሥሩ ላስቲክ ይነጠፋል። ይህ ሁሉ ከደጅ የሚመጣውን፣ ቦይ ሞልቶ የሚገባውን፣ ቁርጭምጭሚት የሚደርሰውን ውሃ ይመልሳል። ደቻቱ ራሱ ከወጣ ጆንያ ምንም እንደማይሠራ እናቴም ታውቃለች። "ይሄ ለትንሹ ነው" ትላለች። "ለትልቁ እግር ነው ያለን።"

ቀጥሎ ቦዩ ይጠረጋል። የሰፈሩ ሰው ከየበሩ ፊት ያለውን ይጠርጋል፤ አንዱ ካልጠረገ የሌላው ድካም ከንቱ ስለሆነ ጠብ የማይጠፋበት ሥራ ነበር። የቆርቆሮው ምስማር ይታያል፣ የላላው ይመታል፣ ጠርዙ ላይ ድንጋይ ይጫናል፤ ከጎርፉ በፊት የሚመጣው ነፋስ አቧራውን አንስቶ ቆርቆሮ እንደ ወረቀት ይገልባልና። እህሉ ከወለል ተነስቶ ቆጥ ላይ ይወጣል። ሽሮና በርበሬ የወተት ቆርቆሮ ውስጥ ገብቶ ክዳኑ ይጠብቃል። ክብሪት በጠርሙስ፣ ፋኖሱ ላምባ ተሞልቶ ከበሩ አጠገብ። ከሰል በላስቲክ።

ውሃ ማጠራቀም የሚለው ነገር ለእንግዳ ያስቃል፤ ውሃ ይመጣል ብለህ ስትሰጋ ውሃ ትቀዳለህ? እናቴ ግን ከሁሉ በላይ የምትጨነቀው በዚህ ነበር። ጎርፍ ከመጣ የቧንቧው መስመር ይሰበራል ወይም ይደፈርሳል፣ ሽንት ቤቱ ሞልቶ ይፈስሳል፤ ከዚያ በኋላ ሰው የሚሞተው ከወንዙ ሳይሆን ከሚጠጣው ነው። ስለዚህ እንስራውም ጀሪካኑም ሞልቶ፣ ተከድኖ፣ ከመሬት ከፍ ብሎ ይቀመጣል። የሽንት ቤቱ ጉድጓድ በጣውላ ይገጠምና ድንጋይ ይጫንበታል። የመብራቱን ማጥፊያ ማን እንደሚያጠፋ ታውቆ ያድራል፤ እግሩ ውሃ ውስጥ ያለ ሰው ቆጣሪ እንዳይነካ ደግሞ በማስፈራሪያ ጭምር ተነግሮናል።

ወረቀቶቹ የራሳቸው ሥርዓት ነበራቸው። የቤቱ ካርታ፣ የክርስትና ካርዳችን፣ የአባቴ የሥራ ደብተር፣ የወላጆቼ የሠርግ ፎቶግራፍ፣ አንዲት ትንሽ የቆርቆሮ ሳጥን ውስጥ ገብተው በላስቲክ ይጠቀለላሉ። ሳጥኗ በገመድ ጣሪያው ወራጅ ላይ ትሰቀላለች። ክረምቱን ሙሉ ከራሳችን በላይ ተንጠልጥላ እንተኛለን።

የቀረው የሌሊቱ ደንብ ነው፤ ከሁሉም ጥብቅ እሱ ነበር። ፍየሎቹ ሳይታሰሩ ያድራሉ። ጫማ ከራስጌ ሳይሆን ከአልጋው ጎን፣ አፉ ወደ በሩ ዞሮ። በሩ በመወርወሪያ ይዘጋል እንጂ በቁልፍ አይቆለፍም፤ የግቢው ቁልፍ ደግሞ በማንም ኪስ፣ በማንም ትራስ ሥር አያድርም። ከበሩ መቃን ላይ ምስማር አለ፣ እዚያ ይሰቀላል። ሌባስ ይሏታል። "ሌባ ዕቃ ነው የሚወስድ" ትላለች። የማን እጅ በማን እጅ እንደሚሆንም የተከፋፈለ ነበር። የእኔ ድርሻ አዴ ብለን የምንጠራቸው፣ ዓይናቸው የደከመ ኦሮሞ ጎረቤታችን ነበሩ። ክፉ ቀን ከመጣ ሮጬ እጃቸውን መያዝና ወደ ላይኛው ሰፈር መውጣት። በድልድዩ በኩል አይደለም። ጎርፍ ሲመጣ የከተማው ሰው ድልድይ ላይ ቆሞ ማየት ይወዳል፤ እናቴ ያንን ፈጽሞ አልለመደችውም። ጉልበት የሚደርስ የሚሮጥ ውሃ አዋቂ ሰው ይጥላል፤ ደቻቱ ደግሞ ውሃ ብቻውን አይመጣም፣ ድንጋይና ግንድ ይዞ ነው።

አዴ ራሳቸው ለእኛ ከኤንትሬው የተሻሉ ነበሩ። ጫትና አትክልት ይዘው ከላይ የሚወርዱት ሴቶች ከእሳቸው ደጅ ነበር የሚያርፉት። ላይ ደመናው ምን ይመስላል፣ የትኛው ሸለቆ ድምፅ አሰማ፣ ሁሉንም ይዘው ይወርዳሉ። አዴ ሰምተው ዝም አይሉም፤ ከአጥሩ በላይ በኦሮሚኛ ይጣራሉ፣ እናቴ በአማርኛ ትቀበላለች፣ ከወዲያ ያሉት በሶማሊኛ ያሳልፋሉ። ቃሉ ሰፈሩን ለማዳረስ ብዙ ጊዜ አይፈጅበትም ነበር።

ስለ ደጉ ዘመን ብቻ እንዳልናገር አንድ ነገር ልጨምር። ብዙው ጊዜ ጎርፉ አይመጣም ነበር። እናቴ ትጣራለች፣ ሰው ልጁን ያነሳል፣ እህሉን ይሸከማል፣ ዳገት ይወጣል፣ ይጠብቃል፣ ደቻቱ ውስጥ አንድ ቀጭን ውሃ ያልፍና ያበቃል። ዝናቡ ወደ ሌላ ሸለቆ ዞሮ ይሆናል፣ ወይም ዶፍ የመሰለው ካፊያ ኖሯል። በማግስቱ ቡና ላይ መሳቂያ እሷ ናት። "እትዬ፣ ዛሬስ እንተኛ?" የሚሏት ነበሩ። ጆንያ ከመሸከም ይልቅ ይህን መሸከም ይከብዳል ብዬ አስባለሁ። ከተማ ውስጥ አስጠንቃቂ የሚያልቀው በጎርፍ ሳይሆን በሳቅ ነው። እናቴ የተረፈችው ስለማታፍር ብቻ ይመስለኛል።

እኔ ለሥራ አዲስ አበባ ከገባሁ በኋላ ሰፈሩ ተለወጠ። አዴ አረፉ፣ አባቴም ተከተለ። የላዩ ተራራ ዛፉ ሳስቶ ለከሰልና ለእርሻ ተመነጠረ፤ ውሃን የሚያዘገየው ነገር ባነሰ ቁጥር የሚወርደው ይፈጥናል። ከታች ደግሞ ቤቱ ወደ አሸዋው እየተጠጋ መጣ፣ ከዚያም ወደ ውስጥ ገባ። ከሌላ አገር የመጣ ሰው ወንዝ የሚለው ውሃ ያለበትን ነው፤ ደቻቱን ባዶ መሬት አድርጎ ቢያየው አይፈረድበትም። የምፈርደው በሚያከራየው ላይ ነው። ክፍሉን አሳይቶ፣ ቀብድ ተቀብሎ፣ ቁልፍ ሲሰጥ ስለ ወንዙ አንዲት ቃል የሚተነፍስ አከራይ አላየሁም። የአያቴ ቃል ለእናቴ ደረሰ፤ ለተከራዩ ግን ማን ይንገረው?

ሐምሌ 29 ለ30 አጥቢያ፣ 1998 ዓ.ም.። ቅዳሜ ለእሑድ ሌሊት ነው። ቤቱ ውስጥ እናቴ፣ እህቴና የእህቴ ትንሽ ልጅ ነበሩ። ሌሊት ስለሆነ ከላይ የሚወርድ መኪና አልነበረም፤ ቢኖርም የሚጠይቀው የለም። ሴቶቹ የሚያርፉበት የአዴ ደጅ ከተዘጋ ቆይቷል። የእናቴ ምልክቶች በሙሉ የቀን ምልክቶች ነበሩ። የቀሰቀሳት ድምፅ ነው፤ ባቡር የሚገባ መሰላት። የባቡር ሠራተኛ ሚስት ናትና በዚያ ሰዓት የሚገባ ባቡር እንደሌለ ታውቃለች። ይህን ለማሰብ የፈጀባትን ያህል ጊዜ ብቻ አልጋዋ ላይ እንደቆየች ነግራኛለች። መወርወሪያውን ስባ፣ ቁልፉን ከምስማሩ አንስታ፣ ልጅቷን በእህቴ ጀርባ አድርጋ፣ በያጥሩ እየጮኸች ወጣች። ዳገቱ ላይ ሆነው ዘወር ሲሉ የሚታይ ነገር የለም፤ መብራት ጠፍቷል። የሚሰማው ግን ይሰማል።

ከእኛ ቀጥሎ ያለው ግቢ በሩ ከውስጥ ተቆልፎ ነበር። ቁልፉ አከራዩ ጋ ነበር የሚያድረው፣ ለሌባ ተብሎ። ሰርቪሶቹ ውስጥ የነበሩት ተከራዮች አልወጡም። እናቴ የብረት በሩን ደብድባ እንደነበር፣ ከውስጥም መልስ እንደነበረ እህቴ ከዓመታት በኋላ ነገረችኝ። እናቴ ራሷ ስለዚያ በር አታወራም።

በዚያ ሌሊት ድሬዳዋ ከ250 በላይ ሰው አጣች። በሺዎች የሚቆጠር ሰው ቤት አልባ ሆኖ በትምህርት ቤትና በድንኳን ተጠለለ። ገና ሐዘኑ ሳይነሳ፣ በተከተለው ነሐሴ ደግሞ ኦሞ ሞልቶ ከ300 በላይ ሰው ወሰደ ሲባል ሰማን። ክረምቱ በዚያ አላበቃም፤ ጣና ዳር ፎገራና ደምቢያም ውሃ ውስጥ ገቡ። የቢሮ ባልደረባዬ የፎገራ ልጅ ነው፤ ያን ሰሞን ሁለታችንም ስልክ ላይ ነበርን። የእነሱ ጎርፍ ግን ሌላ ዓይነት ነው። ርብና ጉማራ ቀስ እያሉ ሜዳው ላይ ይተኛሉ፤ ገበሬው ከብቱን ወደ ጉብታ ይነዳል፣ እህሉን ቆጥ ላይ ይሰቅላል፣ ሲመሽ ውሃው የት ደረሰ ብሎ በእንጨት ይለካል። መከራው ለሳምንታት ይቆያል እንጂ ሰው ይሰናዳበታል። "እናንተ ጋ ስንት ሰዓት ትጠብቃላችሁ?" አለኝ። ጫማ የማድረጊያ ያህል እንኳ እንደማይገኝ ስነግረው ዝም አለ።

ድሬዳዋ ስደርስ ቤታችን ሁለት ግድግዳ ነበር። ሳጥኗን የሰቀልንበት ወራጅ ከጣሪያው ጋር ሄዷል። ያን ሁሉ ዓመት ከራሳችን በላይ ያንጠለጠልነው ወረቀት ለትንሹ ጎርፍ የታሰበ ነበር ማለት ነው። የካርታውን ምትክ ለማግኘት እናቴ በየቢሮው ስትመላለስ ከረመች፤ ቤት እንደነበራት ለማስረዳት ምስክር ቁጠሪ ተባለች፣ ምስክሮቿ ደግሞ ከሰፈሩ ጋር ተበትነዋል። ከዚያ ወዲህ የቤተሰቡ ወረቀት ሁሉ አንድ አንድ ቅጂ አዲስ አበባ እኔ ጋ ይቀመጣል። የእኔ ደግሞ ድሬዳዋ። ፎቶግራፎቹ ግን ቅጂ አልነበራቸውም። የወላጆቼን የሠርግ ልብስ አሁን የማውቀው ከእናቴ አፍ ነው፤ እሷም በየጊዜው ታሻሽለዋለች።

በኋላ ደቻቱ ዳርና ዳሩ በግንብና በሽቦ በታሰረ ድንጋይ ተደገፈ። ጥሩ ሥራ ነው፤ ብዙ ቤት የዳነው በእሱ ነው ብዬ አምናለሁ። እናቴ ግን ከግንቡ ጋር ጠብ አላት። ወንዙን ከደጅ ሆኖ ማየት ቀረ፣ ድምፁም ታፍኗል ትላለች። ግንቡ አጠገብ ቤት የሠሩትን ስታይ ደግሞ ይብስባታል፤ "ግንብ አለ ብለው ነው የሚተኙት" ትላለች። እኔ ግንቡን እደግፋለሁ፣ ስለ እንቅልፉ ግን ከእሷ ጋር ነኝ።

አሁን ሁሉም የሚኖሩት ሳቢያን ሰፈር፣ እህቴ በሠራችው ቤት ነው። ሲሠራ ግንበኛው ደፉን ያን ያህል ማንሳት መልክ ያበላሻል ብሎ ተከራክሮ ነበር፤ ቆጣሪውን ከሰው ደረት በላይ ስቀልልን ስትለው ደግሞ ሳቀባት። ከፍላ አሠራችው። ያን ሌሊት በጀርባ የወጣችው የእህቴ ልጅ ዛሬ የራሷ ልጅ አላት። ደንገጎ በኩል የሚነግዱ የጥቂት ሴቶች ስልክ ይዛለች፤ ሰማዩ በላይ በኩል ከከበደ ትደውላለች፣ ወሬውን በቴሌግራም ለሰፈሩ ትበትናለች፣ ቀን ብቻ ሳይሆን ሌሊትም። ሌሎቹ ሲተኙ ነቅታ የምታድር አንዷን ከመካከላቸው መርጣ የካርድ ሒሳብ ትልክላታለች፤ ይህን ስሰማ አያቴ ብትኖር ምን ያህል እንደምትኮራባት አሰብኩ። ሳቁም አልቀረላትም። ጎረቤታቸው አንድ ጋሼ፣ ጎርፍ ሳይመጣ ከቀሰቀሰቻቸው ሌሊት በማግስቱ መጥተው "ልጄ፣ እርግጠኛ ስትሆኚ ብቻ ቀስቅሺን" ብለዋታል። "እሺ ጋሼ" ብላ በሚቀጥለውም እርግጠኛ ሳትሆን ቀሰቀሰቻቸው።

ባለፈው ሰኔ ስሄድ ቤቱ በክርክር ላይ ነበር። እናቴ የግቢው ቁልፍ የሚሰቀልበት ምስማር ዝቅ ይበል ትላለች፣ ትንሿ አትደርስበትምና። የልጅቷ አባት ደግሞ ልጅ ከደረሰችበት ቁልፉን መጫወቻ ታደርገዋለች፣ ያኔ ጭራሽ አይገኝም ይላል። ሁለቱም ልክ ናቸው። ሽምግልናው ወደ እኔ መጣና ገበያ ወጥቼ ቁልፉን አስቀረጽኩ፤ መቃኑ ላይም አንዱ ለአባትየው ቁመት፣ አንዱ ለአራት ዓመቷ ልጅ፣ ሁለት ምስማር መታሁ። የታችኛው ቁልፍ እስከ ማታ ድረስ ሁለት ጊዜ ጠፍቶ ሁለት ጊዜ ተገኘ፤ እናቴ ሌላ ተጨማሪ አስቀርጽ ብላ ገንዘብ ሰጠችኝ።